የነፍሰ ገዳይ ልጅነት፦ ወደ ኋላ ማንበብና ወደ ፊት ማየት

አንድ ሰው በተለያየ ጊዜ ብዙ ሰዎችን መግደሉ በታወቀ ማግስት ሕዝብ አጥብቆ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ሰው እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» የሚለው ነው። አስተማሪዎቹ ይፈለጋሉ፣ ጎረቤቶቹ ይጠየቃሉ፣ የቤተሰቡ የፎቶግራፍ አልበም ይገለበጣል። ብዙም ሳይቆይ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ክስተቶች ተመርጠው፣ በቅደም ተከተል ተደርድረውና እርስ በርሳቸው ተያይዘው «ምልክቱ ድሮም ነበረ» የሚል ታሪክ ይወጣቸዋል። አንባቢውም ታሪኩን ሲጨርስ በመጠኑ ይረጋጋል፤ መነሻው የታወቀ ክፋት መነሻው ካልታወቀው ያነሰ ያስፈራልና።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። የእነዚህ ታሪኮች ዋና ጠባይም ይኸው ነው፤ ጩኸቱ ሁልጊዜ የሚሰማው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። ይሁንና ከተረቱ ውሻ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። ውሻው ቢዘገይም የሚጮኸው በጅቡ ላይ ነው። የእኛ ጩኸት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ልጆች ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የነፍሰ ገዳዮች ልጅነት አይጠና አንልም። የምንከራከረው ሌላ ነገር ነው። ከፍጻሜው ተነስቶ ወደ ኋላ ብቻ የተነበበ ልጅነት መንስኤን አያሳይም፤ እንደ መንስኤ ሲነገርም በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ የሚያድጉ እጅግ ብዙ ልጆችን ያለ ጥፋታቸው ተጠርጣሪ ያደርጋቸዋል። ይህንን ለማሳየት ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ብዙ የተጻፈለትን አንድ ልጅነት፣ የጄፍሪ ዳመርን፣ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትፍሊክስ ሕይወቱን በተከታታይ ፊልም ካቀረበ ወዲህ ይህ ልጅነት በብዙ አገሮች እንደገና መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ለሳይንስ አንባቢ ደግሞ ጉዳዩን የተለየ የሚያደርገው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የልጁ አባት የሳይንስ ሰው ነበሩ።

ልጅነቱ

ዳመር እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1960 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ላዮኔል ዳመር በዚያን ጊዜ የኬሚስትሪ ተማሪ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ከአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው በተመራማሪ ኬሚስትነት ተሰማርተዋል። እናቱ በእርግዝናቸው ወራት በጽኑ ታመው እንደነበርና በሐኪም የታዘዙ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን ይወስዱ እንደነበር አባትየው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። ልጁ አራት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ሄርኒያ በሚባለው የቡአ ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቤተሰቡ የአባትየውን ትምህርትና ሥራ ተከትሎ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ቆየ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1966 ታናሽ ወንድም ተወለደ። በ1968 ደግሞ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ አቅራቢያ፣ ባዝ በምትባል ደን በበዛባት ሥፍራ መኖር ጀመሩ። በቤቱ ውስጥ ባልና ሚስት ይጋጩ ነበር፤ እናት በመንፈስ ጭንቀት ይሠቃዩ ነበር፤ አባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜያቸውን በቤተ ሙከራ ያሳልፉ ነበር።

ልጁ ዝምተኛ ነበር። በየመንገዱ ዳር በመኪና ተገጭተው የሞቱ እንስሳትን እየለቀመ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ጫካ ውስጥ ይበልታቸውና አጥንታቸውን ያከማች ነበር። አንድ ቀን የዶሮ ሥጋ ቀርቦ ሲበሉ፣ አጥንቱ በረኪና ውስጥ ቢነከር ምን እንደሚሆን አባቱን ጠየቃቸው። አባት ዝምተኛው ልጃቸው አንድ ነገር ለማወቅ መጓጓቱ ደስ አሰኛቸውና አጥንት እንዴት እንደሚጸዳ፣ እንዴት እንደሚነጣና ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳዩት።

14 ዓመት ገደማ ሲሆነው አልኮል መጠጣት ጀመረ። መጠጡን ወደ ትምህርት ቤት ይዞ ይገባ ነበር፤ አብረውት የሚማሩ ልጆችም ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ የወላጆቹ ጋብቻ በመፍረስ ላይ ነበር። አባት ቀደም ብለው ከቤት ወጥተው ነበር፤ እናትም ታናሽ ወንድሙን ይዘው ወደ ዊስኮንሲን ሄዱ። የ18 ዓመቱ ወጣት በቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። በዚያው ዓመት፣ በጁን 18 ቀን፣ በመንገድ ላይ አግኝቶ ወደ ቤት ያመጣውን አንድ የ18 ዓመት ወጣት ገደለ።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጠጥ ምክንያት ወዲያው አቋረጠ፤ በወታደርነት ተቀጥሮ ምዕራብ ጀርመን ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 በዚያው በመጠጥ ምክንያት ተሰናበተ። ሁለተኛውን ሰው የገደለው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1987 ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1991 በሚልዋኪ እስከተያዘበት ቀን ድረስ 17 ወጣቶችንና ልጆችን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳኝነት ሲታይ ጉባኤው ሰውየው ለሥራው ተጠያቂ የሚሆን ጤናማ አእምሮ እንደነበረው ወስኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በኖቬምበር 1994 ደግሞ በእስር ቤት ውስጥ በሌላ እስረኛ ተገደለ።

«ምክንያቶቹ» ሲፈተኑ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ምክንያት መልቀም አስቸጋሪ አይደለም። አንዱ ጸሐፊ ቀዶ ሕክምናውን ይመርጣል፤ ሌላው የእናትየውን መድኃኒት፤ ሦስተኛው የወላጆቹን ጠብ፤ አራተኛው አጥንቶቹን። አባትየው ራሳቸው በመጽሐፋቸው እነዚህን ነገሮች ደጋግመው አንስተዋል፤ በራሳቸውም ላይ ጠንካራ ጥያቄ አቅርበዋል። ነገር ግን ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረውን ጥያቄ እናንሳ፤ ይኸው ሁኔታ ኖሮ ውጤቱ ያልታየው ስንት ጊዜ ነው?

የሕፃናት ቡአ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ ለሕፃናት በብዛት ከሚደረጉት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽና ማብቂያ ላይ በአሜሪካ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ጋብቻ ይፈርስ ነበር፤ ከእነዚህ ቤቶች የወጡት ልጆች ዛሬ መምህራን፣ ሾፌሮች፣ ነርሶችና አያቶች ናቸው። የሞተ እንስሳ አጥንት መሰብሰብን በተመለከተም፣ በየዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ትምህርት ክፍልና በየተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ የምናያቸውን የአጥንት ስብስቦች ያዘጋጁት ሰዎች በልጅነታቸው ምን ይሰበስቡ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ልጁ ስለ በረኪና ያቀረበው ጥያቄ በሌላ ቤት ቢነሳ ኖሮ የአንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ መክፈቻ በሆነ ነበር። የአባትየውን ደስታ ዛሬ አሳዛኝ የሚያደርገው እኛ ፍጻሜውን ማወቃችን ብቻ ነው፤ በዚያ ማዕድ ላይ ይህን ሊያውቅ የሚችል ማንም አልነበረም።

ከሁሉም በላይ በዚያው ቤት፣ በእነዚያው ወላጆች እጅ ያደገ ሌላ ልጅ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ማንንም አልገደለም። ይህ ማለት ቤቱ ምንም ተጽዕኖ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ተፈጥሮም ሆነ አንድ ዓይነት ልጅነት አይኖራቸውምና። ነገር ግን ቤቱ ብቻውን ነፍሰ ገዳይ ለማፍራት እንደማይበቃ ያረጋግጣል። ዳመር ራሱም በወላጆቹ እጅ እንዳልተደበደበና እንዳልተደፈረ ተናግሯል፤ ለሥራውም ወላጆቹን ተጠያቂ ለማድረግ አልፈቀደም።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺፕማን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 በ15 ሰዎች ግድያ ተፈርዶበታል፤ ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የመንግሥት አጣሪ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሪፖርት 215 ታካሚዎቹን እንደገደለ አረጋግጧል። ሺፕማን የ17 ዓመት ወጣት ሳለ እናቱ በሳምባ ካንሰር ሞተዋል፤ ስቃያቸውን ለማስታገስም ሐኪም ቤታቸው ድረስ እየመጣ ሞርፊን ይወጋቸው ነበር። ሺፕማን ታካሚዎቹን የገደለው በዚያው ዓይነት መድኃኒት ነውና ታሪኩ ወደ ኋላ ሲነበብ በሚያስደነግጥ ሁኔታ የገጠመ ይመስላል። እስቲ ወደ ፊት እናንብበው። የእናቱን ስቃይ በሞርፊን ሲታገስ ያየ ወጣት የሕክምና ትምህርት መረጠ። ፍጻሜውን የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? «ደግ ሐኪም ይወጣዋል» ከማለት በስተቀር ሌላ የሚል አይመስለንም።

ሦስቱ ምልክቶችና 36ቱ እስረኞች

ይህ የአነባበብ ስህተት የጋዜጦች ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሳይንሳዊ ካባ ለብሶም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆን ማክዶናልድ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሰው እንገድላለን ብለው የዛቱ 100 ታካሚዎችን መርምረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከታካሚዎቹ መካከል በሰው ስቃይ ይደሰቱ በነበሩት ላይ ሦስት የልጅነት ምልክቶች አንድ ላይ እንደሚታዩ ገለጹ፤ በዕድሜ ከፍ ካሉ በኋላም አልጋ ላይ መሽናት፣ እሳት መለኮስና በእንስሳት ላይ መጨከን። ልብ እንበል፤ ታካሚዎቹ የዛቱ ናቸው እንጂ ተከታታይ ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም፤ የማክዶናልድ ሐሳብም ከሕክምና ልምድ የተነሳ ትዝብት እንጂ የተፈተነ ሕግ አልነበረም። ማክዶናልድ ራሳቸው ቆየት ብለው ጉዳዩን ሲፈትሹት ተጨባጭ ማረጋገጫ አላገኙለትም። ሦስቱ ምልክቶች ግን ከጸሐፊያቸው አምልጠው በመማሪያ መጻሕፍትና በፊልሞች ውስጥ መኖር ቀጠሉ።

የምልክቶቹን ጣጣ ለመረዳት የመጀመሪያውን ብቻ መመልከት ይበቃል። በአምስት ዓመታቸው ሌሊት አልጋ ላይ የሚሸኑ ልጆች ከመቶ 15 ያህል ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ሲጨምር ያለ ሕክምና ይተዉታል። ከዚያ በኋላም የሚቀጥልበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ወይ የጤና ችግር ያለበት ወይ አንድ የሚያስጨንቀው ነገር ያለ ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። «የነፍሰ ገዳይ ምልክት» የሚለውን ወሬ የሰሙ ወላጆች ግን ሊደብቁት፣ ሊገርፉት ወይም ሊፈሩት ይችላሉ።

ቀጥሎ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ያደረጉት ጥናት ነው። ሮበርት ረስለር፣ ጆን ዳግላስና ተመራማሪዋ አን በርጀስ ያቀረቡት ይህ ሥራ በ36 እስረኛ ገዳዮች ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከብዙዎቹ አንደበት የተሰማው ልጅነት የተጎሳቆለ ነበር። ሥራው ለወንጀል መርማሪዎች ጥቅም መስጠቱን አንክድም። ይሁን እንጂ ለእኛ ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም፤ ከእነዚህ 36 ሰዎች ጎን ተመሳሳይ ልጅነት አሳልፈው ማንንም ያልገደሉ ሰዎች አልተጠየቁምና። ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት አንድ ነገር በገዳዮች ዘንድ መኖሩን ይነግረናል እንጂ ያ ነገር ገዳዮችን ከሌሎች የሚለይ መሆኑን አይነግረንም። በዚያም ላይ ቃሉን የሰጡት ረጅም ፍርድ የተፈረደባቸው፣ ማታለልን የለመዱና የሕይወታቸውን ታሪክ ለሰሚ እንዲመች አድርገው ማቅረብ የሚጠቅማቸው ሰዎች ነበሩ።

ወደ ፊት የተጠና ልጅነት

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? ከልጁ ተነስቶ ወደ ፊት መከተል ነው። ተመራማሪዋ ካቲ ስፓትስ ዊደም እ.ኤ.አ. በ1989 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ግፍ የተፈጸመባቸው ወይም ያለ ጠባቂ የተጣሉ መሆናቸው በፍርድ ቤት የተረጋገጠ 908 ልጆችን ወሰዱ፤ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በዘርና በኑሮ ደረጃ ከእነርሱ ጋር የሚመሳሰሉ 667 ሌሎች ልጆችን ለማነጻጸሪያ አቆሙ፤ ከዚያም የሁለቱን ቡድኖች የፖሊስ መዝገብ ተከታተሉ። ውጤቱ ምን ነበር? ከተጎዱት ልጆች መካከል ለአካለ መጠን ሳይደርሱ በወንጀል ተጠርጥረው የተያዙት ከመቶ 26 ሲሆኑ ከማነጻጸሪያው ቡድን ከመቶ 17 ነበሩ።

ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ መነበብ አለበት። በመጀመሪያው ንባብ፣ በልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ እውነተኛ ጉዳት አለው፤ ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ ማኅበረሰብ ሊያስብበት ይገባል። በሁለተኛው ንባብ፣ ከተጎዱት ልጆች ከመቶ 74ቱ በዚያ ዕድሜ በማንኛውም ወንጀል አልተያዙም። ልብ በሉ፣ እዚህ የምንናገረው ስለማንኛውም ወንጀል ነው፤ ተከታታይ ግድያማ ከዚህ ሁሉ እጅግ የራቀና እጅግ ብርቅ የሆነ ነገር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚስማማ ሌላ ግኝት አለ። በኒውዚላንድ ዱኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምሮ የተከታተለው ጥናት ተመራማሪ የሆኑት ቴሪ ሞፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ትንተና፣ በጉርምስና ዕድሜ ከሚያጠፉት ልጆች አብዛኞቹ ጥፋቱን ከጉርምስናቸው ጋር እንደሚተዉትና ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት የሚዘልቅ ጠበኝነት የሚታይባቸው ጥቂቶች ብቻ እንደሆኑ አስረድተዋል። ስለዚህ በአንድ የ14 ዓመት ልጅ ላይ የታየ ጥፋት ስለ 30 ዓመቱ ሰው በእርግጠኝነት የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ጉዳዩን በሒሳብ እንየው። ለክርክር ያህል ከአንድ ሚሊዮን ልጆች መካከል 10ሩ ወደፊት ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ይሆናሉ እንበል፤ ሆን ብለን ቁጥሩን ከፍ አድርገነዋል። እንዲሁም 10ሩንም አንድ ሳይቀር የሚያሳይና ከቀሩት ልጆች ውስጥ ከመቶ አንዱን ብቻ በስህተት የሚጠቁም ድንቅ ምልክት አገኘን እንበል። እንዲህ ያለ ምልክት በእጃችን የለም፤ ቢኖር ግን በስህተት የሚጠቆሙት ልጆች 10 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። በመሆኑም ምልክቱ ከተገኘባቸው አንድ ሺህ ልጆች 999ኙ ንጹሐን ናቸው። ብርቅ የሆነ ነገርን በልጅነት ምልክት ለመተንበይ የሚነሳ ሁሉ ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም።

የአንጎሉ ጉዳይ

ዳመር ከሞተ በኋላ በወላጆቹ መካከል የተነሳው ክርክር ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ አቅርቦታል። አስከሬኑ ሲመረመር አንጎሉ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። እናትየው ለሳይንስ ተሰጥቶ ልጃቸው ለምን እንዲህ እንደሆነ እንዲመረመር ፈለጉ። አባትየው፣ ኬሚስቱ፣ ልጃቸው በኑዛዜው አስከሬኑ እንዲቃጠል መጠየቁን ጠቅሰው አንጎሉም ከቀረው አካሉ ጋር እንዲቃጠል ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 የዊስኮንሲን ዳኛ ለአባትየው ወሰኑ፤ አንጎሉም ተቃጠለ።

ብዙዎች ይህን ታላቅ ሳይንሳዊ ኪሳራ ብለውታል። የእናትየው ምኞት የሚገባን ነው፤ ከወላጅ ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ ይዘው ነበርና። አንጎሉ ከብዙ ሌሎች ጋር በሚጠና ስብስብ ውስጥ አንድ ናሙና ሆኖ ሊያገለግል ይችል እንደነበርም አንክድም። ነገር ግን ብቻውን «ለምን?» ለሚለው መልስ ይሰጥ ነበር ብለን አናምንም። አንድ ልዩነት ቢገኝበት እንኳ ልዩነቱ ከልደት የመጣ ይሁን፣ ከረጅም ዓመታት መጠጥ፣ ወይስ በሞቱ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ከደረሰው ምት፣ በምን ይለያል? ያው ልዩነት በስንት ሰላማዊ ሰዎች አንጎል ውስጥ እንደሚገኝስ በምን ይታወቃል? አንድ አንጎል ልክ እንደ አንድ ልጅነት ነው፤ ማነጻጸሪያ ከሌለው ይተረካል እንጂ አይፈተንም።

ማየት ይቻል የነበረው

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር ማለታችሁ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም «ይቻል ነበር» የሚል ነው። በሁለት ቦታ ይቻል ነበር፤ አንዱ በልጅነቱ፣ አንዱ በአዋቂነቱ።

በልጅነቱ ለማየት ትንቢት አያስፈልግም ነበር። የ14 ዓመት ልጅ በጠዋት ሰክሮ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የክፍል ጓደኛው የነበረው ሠዓሊ ደርፍ ባክደርፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ በዚያን ጊዜ አዋቂዎቹ የት ነበሩ የሚል ነው። ጥያቄው ክብደት የሚኖረው ልጁ በኋላ ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ልጁ አድጎ ሰላማዊ የባንክ ሠራተኛ ቢሆንም ኖሮ በ14 ዓመቱ ሰክሮ ክፍል መግባቱ፣ በ18 ዓመቱም በባዶ ቤት ብቻውን መቅረቱ የአዋቂን እጅ ይሻ ነበር።

በአዋቂነቱ የታየው ግን ከምልክትም ያለፈ፣ በመዝገብ የሰፈረ ተግባር ነበር። ዳመር እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ የ13 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተይዞ በ1989 ጥፋተኛ ተብሏል፤ የተሰጠው ቅጣት ግን ቀን ቀን ሥራውን እየሠራ የሚያድርበት የአንድ ዓመት እስርና የአምስት ዓመት ክትትል ነበር። ክትትል የምታደርግበት ሠራተኛም ከሥራ ብዛት የተነሳ መኖሪያ ቤቱን የመጎብኘት ግዴታዋ ተነስቶላት ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1991 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ራቁቱንና ደንዝዞ ከዳመር ቤት አምልጦ በመንገድ ላይ ተገኘ። በአካባቢው የነበሩ ጥቁር ሴቶች ለፖሊስ ደውለው ልጁን ለማዳን ተከራከሩ። ፖሊሶቹ ግን «ጓደኛዬ ነው፣ ዕድሜውም 19 ነው» የሚለውን የዳመርን ቃል አምነው፣ የወንጀል መዝገቡን ሳይመለከቱ፣ ልጁን መልሰው አስረከቡት። ልጁ በዚያው ሌሊት ተገደለ። ከእርሱ በኋላም እስከ ጁላይ ድረስ አራት ወጣቶች ሞቱ።

እነዚህን አምስት ሰዎች ለማዳን ስለ ቡአ ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ ዶሮ አጥንት ማወቅ አያስፈልግም ነበር። አንድ መዝገብ መክፈትና የጎረቤቶቹን ቃል ከቁም ነገር መቁጠር ይበቃ ነበር። ስለ ዳመር ልጅነት የተጻፈውን ሁሉ ስናነብ ቅር የሚያሰኘንም ይህ ነው። ታሪኩን ወደ ልጅነት በገፋነው መጠን የተቋማት ጥፋት እየደበዘዘ ይሄዳል። የሟቾቹም ልጅነት እንዲሁ ይረሳል፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች የነበሩት እነዚያ ልጆችና ወጣቶች ምን ይወዱ እንደነበር፣ ምን ሊሆኑ ይመኙ እንደነበር የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ለአንባቢዎቻችን

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ ነገ በመምህርነት፣ በጤና ሙያና በምርምር የሚሰማሩ ናቸው። በየክፍላቸው ዝምተኛ ልጅ፣ አጥንት የሚሰበስብ ልጅ፣ ወላጆቹ የተለያዩበት ልጅ፣ ሌሊት አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ መግጠሙ አይቀርም። በእነዚህ ልጆች ላይ የገዳይ ጥላ እንዳይታያቸው አደራ እንላለን። ሒሳቡም፣ ወደ ፊት የተካሄዱት ጥናቶችም ይህን አይፈቅዱም።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለውን ብሂል አልዘነጋነውም። ብሂሉ ግን እርጥቡን ተንከባከቡ ይላል እንጂ ተጠራጠሩ አይልም። ኤሚ ወርነር የተባሉት ተመራማሪ በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ተከታትለው ነበር። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በወላጅ ሕመም መካከል ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁ፣ በራሳቸው የሚተማመኑና ለሰው የሚያስቡ ሆነው አድገዋል። እነዚህ ልጆች ከሚመሳሰሉባቸው ነገሮች አንዱ በሕይወታቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው፣ ሳይለያቸው የሚቆይ አዋቂ መኖሩ ነው። ያ አዋቂ አያት ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ አስተማሪም ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመሆን ልጁ ነገ ምን እንደሚወጣው ማወቅ አይጠበቅብንም። ሰክሮ ክፍል የገባን ልጅ ምን እንደሆነ ቀርቦ መጠየቅ፣ ሕመም ያለበትን ወደ ሐኪም መምራት፣ የተደበደበውን ሰምቶ ለሚመለከተው ማሳወቅ የዛሬ ሥራ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳቸውም ነፍሰ ገዳይ የመሆን ዕድል ባይኖራቸው እንኳ ሥራው አይቀንስም።